የዲኤክስ ማስተር ለፔጆ 504 ይሆናል ወይ?

የደረሰኝ ጥያቄ አጠር ብሎ ይህን ይላል፦ «አዳማ ነው የምኖረው። ከአባቴ የቀረችኝ ፔጆ 504 አለችኝ። በፈረንጅ 1975 የተሠራች፣ ባለ 2000 ቤንዚን ናት። ሦስት ችግር አለባት። የፍሬን ማስተሯ (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው ዕቃ) ያፈሳል፤ መካኒኩ ‹ዕቃው ቆሟል፣ የዲኤክስ (የቶዮታ ኮሮላ ዲኤክስ) እናስገባላት› ይለኛል። ቬንትሌተሯ አንዳንዴ ይዞራል፣ አንዳንዴ ዝም ይላል፤ ወደ አሰላ ስወጣ ትፈላለች። ካርብራተሯ ደግሞ ቤንዚን በጣም ይጠጣል፤ የጃፓን ካርብራተር ይግባላት ተባልኩ። ምን ይሻለኛል? ወይስ ልሽጣት?»

ከመጨረሻው ልጀምር። ወለሏንና ሻሲዋን ዝገት ካልበላው አትሽጣት ወንድሜ። ሦስቱም ችግሮች መላ አላቸው። መካኒክህም ክፉ ሐሳብ አላመጣም። የሌላ መኪና ዕቃ ማስገባት እዚህ አገር የኖረ ሙያ ነው፤ ባይሆን ኖሮ ግማሹ መኪና ዛሬ ቆሞ ነበር። የጎደለችው አንዲት ነገር ናት። «የዲኤክስ» አለህ እንጂ «ይህን ያህል ሚሊ» አላለህም። ምትክ ዕቃ በመኪና ስም አይመረጥም፤ የሚመረጠው በልኩ ነው። አንድ ጥሩ ካሊፐር (ሚሊ መለኪያ) ግዛ። ከዚህ በታች የምነግርህን ነገር ሁሉ የምታጣራው በእሱ ነው።

ስለ «ቆሟል» ትንሽ እንነጋገር። ባለሱቅ «ቆሟል» ሲልህ ሁለት ነገር ሊሆን ይችላል። ወይ ፋብሪካው ማምረት ትቷል፣ ወይ እሱ ሱቅ ውስጥ የለም። አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው። 504 በፈረንጅ 1968 ነው የወጣችው። በዓመቱ የአውሮፓ ምርጥ መኪና ተብላለች። የቤት መኪናዋ ፈረንሳይ ውስጥ በ1983 ስትቆም ፒክአፑ ግን ከዚያ በኋላም ለዓመታት ተሠርቷል። ናይጄሪያ ውስጥ እስከ 2000ዎቹ ድረስ ትገጣጠም ነበር። የአንተ ሞተር ደግሞ 1971 ሲሲ ነው፤ ያው ሞተር በ505 ላይም ገብቷል። ስለዚህ አዲስ አበባ ሱማሌ ተራ ሰው ስትልክ «የ504» ብቻ ብለህ አትላከው። «የ504 ወይም የ505፣ ቤንዚን፣ 1971 ሲሲ» በለው። ሲሲውን ሳይጠራ እንዳይገዛ። 505 ላይ ሌላ ባለ 1995 ሲሲ ሞተርም ነበር፤ እሱም «ባለ 2000» ነው የሚባለው፣ ዘሩ ግን ሌላ ነው። ጋስኬቱን ተሸክመህ ትመለሳለህ።

መኪናዋ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ደግሞ ብዙዎቹ የፔጆ ዕቃዎች አይደሉም። ኩሽኔታ (ቤሪንግ) የማንም አይደለም፣ የቁጥር ነው። ቀለበቱ ጎን ላይ 6203 የሚል ካነበብክ ውስጡ 17 ሚሊ፣ ውጪው 40 ሚሊ፣ ወርዱ 12 ሚሊ ነው፤ የትም ብትገዛው ያው ነው። ኦይል ሲልም ላይ ሦስት ቁጥር አለ፦ የውስጥ፣ የውጭ፣ የውፍረት። ቺንጋ ላይ ስፋትና ርዝመት ተጽፏል። ይህን የምልህ፣ ኩሽኔታ በእጁ ይዞ «የፔጆ አለ?» እያለ ሱቅ ለሱቅ ሲዞር የሚውል ሰው ስለማይ ነው። ጠርገው፣ ቁጥሩን አንብበው፣ ቁጥሩን ጠይቅ። ቁጥሩ ከጠፋ ለካው።

አሁን ወደ ፍሬኑ። እዚህ ላይ ረዘም አደርጋለሁ። ቬንትሌተር ሲያስቸግርህ መንገድ ዳር ትቆማለህ፤ ፍሬን ሲያስቸግርህ ግን አትቆምም።

የዲኤክሱን ከመግዛትህ በፊት የራስህን ማስተር አስፈታና እየው። የሚያፈስ ማስተር ሁሉ የሞተ ማስተር አይደለም። ውስጡን በአልኮል አጥበህ በባትሪ ብርሃን ተመልከት። ግድግዳው እንደ መስታወት ካበራ ያለቀው ጎሚኒው (ዘይቱን የሚያግደው የጎማ ቀለበት) ብቻ ነው። ጎሚኒ ደግሞ በልክና በቅርጽ ይፈለጋል፤ አሮጌዎቹን በላስቲክ ቋጥረህ ለሱቁ አሳይ። ግድግዳው ዝገት ከቦረቦረው፣ ወይም በቀጭን እንጨት ስትደባብሰው የሚይዝህ ነገር ካለ ጎሚኒ ብቻ መቀየር ገንዘብ መጣል ነው። ያኔ ጎበዝ ቶርኖ ቤት (ብረት የሚቀረጽበት) ውሰደው። ውስጡን አስፍተው የናስ ወይም የማይዝግ ብረት ቱቦ በጥብቅ ይከቱበትና ወደ ድሮው ልክ ያመጡታል። የእኔ ምርጫ ይህ ነው። ቡሎኑ፣ ቱቦው፣ የፔዳሉ ዘንግ፣ ልኩ፣ ሁሉም በነበረበት ይቆያል። ምንም አላስማማህም።

ቶርኖ ሠራተኛው ጋ ግን ራስህ ቁም። የዘይቱ ማጠራቀሚያ ከሚቀመጥበት ቦታ ወደ ውስጥ የሚወርዱ ቀዳዳዎች አሉ። ከእነሱ አንዷ ከአንድ ሚሊ ያነሰች፣ መርፌ የምታክል ናት። አዲሱ ቱቦ ሲገባ ይደፍናታል። በዚያው ቦታ፣ በዚያው መጠን መልሶ መብሳት አለበት። ሲበሳ ደግሞ ወደ ውስጥ በኩል ስለታም ጠርዝ ይተዋል፤ ያ ጠርዝ ካልለሰለሰ ፍሬን በረገጥክ ቁጥር ጎሚኒውን ይላጨዋል። ማስተሩ ያማረ ሆኖ ከጋራዥ ይወጣና ብዙም ሳይቆይ መልሶ ያፈሳል። ሰው ጎሚኒውን «ፎርጅድ ነው» ብሎ ይሰድባል።

ይህች ቀዳዳ ለምን ታስፈልጋለች? ፍሬን ሲሞቅ ዘይቱ ያብጣል። እግርህን ስታነሳ ትርፉ ዘይት በእሷ በኩል ወደ ማጠራቀሚያው ይመለሳል። መመለሻ ካጣ ማንም ሳይረግጠው ፍሬኑ መያዝ ይጀምራል። የምትክ ማስተር ትልቁ ጣጣ ያለውም እዚህ ነው። ከፔዳሉ ወደ ማስተሩ የሚገፋው ዘንግ ለአዲሱ ማስተር ትንሽ ከረዘመ ፒስተኑ እስከ መጨረሻው አይመለስም። ጎሚኒው ቀዳዳዋ ላይ ተኝቶ ይቀራል። ከተማ ውስጥ ስትነዳ ምንም አይታወቅህም። ከአሰላ ስትመለስ፣ ከኢተያ ወደ ዴራ በሚወስደው ቁልቁለት ላይ ግን ፍሬኑ ይሞቃል፣ ትንሽ ትንሽ ይይዛል፣ በያዘ ቁጥር ይብሱን ይሞቃል። መጨረሻ ላይ ጎማው ይጨሳል። ጎሚስታ ቤት ቆመህ አራቱንም ጎማ ታስፈታለህ፤ ችግሩ ግን ኮፋኖ ሥር ነው።

ማጣራቱ ቀላል ነው። ሰው ፔዳሉ ላይ አስቀምጥ። አንተ የማጠራቀሚያውን ክዳን ከፍተህ ወደ ውስጥ ተመልከት። ፊትህን ግን አታስጠጋ፤ የፍሬን ዘይት ዓይን ያቃጥላል፣ ቀለምም ይልጣል። ቀስ ብሎ ይርገጥ። ገና ፔዳሉ መንቀሳቀስ ሲጀምር ከታች ቀጭን ፏፏቴ ብልጭ ማለት ወይም ዘይቱ ፊት ላይ ሞገድ መታየት አለበት። ያ ማለት ቀዳዳዋ ክፍት ነበረች፣ አሁን ተዘጋች ማለት ነው። ምንም ካልታየ ዘንጉ ረዝሟል ወይም ቀዳዳዋ ተደፍናለች። ዘንጉ ፒስተኑን ከመንካቱ በፊት ወደ አንድ ሚሊ የሚጠጋ ባዶ ቦታ ሊኖረው ይገባል። ይህ እስኪስተካከል ድረስ መኪናዋ ከግቢ አትውጣ።

ማስተሩ የማይድን ከሆነስ? እሺ፣ የዲኤክስ ወይም የሌላ ይግባ። ግን መጀመሪያ የአሮጌውንና የአዲሱን የውስጥ ስፋት ለካ። አንዳንዱ ማስተር ላይ በኢንች ተቀርጾ ታገኘዋለህ። 3/4 ማለት 19.05 ሚሊ ነው። 13/16 ማለት 20.64፣ 7/8 ማለት 22.2፣ 15/16 ደግሞ 23.8 ነው። ልዩነቱ በዓይን አይታይም፤ በሥራ ግን ሰፊ ነው። ከ19.05 ወደ 22.2 ብትሄድ የፒስተኑ ፊት በ36 በመቶ ይሰፋል። በዚያው የእግር ኃይል የምታገኘው ግፊት ከሩብ በላይ ይቀንሳል ማለት ነው። ፔዳሉ አጭርና ጠንካራ ይሆናል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሸወዳል። «ወይ ፍሬን! ድንጋይ ሆነ!» ብሎ ይደሰታል። ድንጋይ የሆነው ፔዳሉ ነው፤ መኪናዋ ከድሮው ዘግይታ ነው የምትቆመው። ጠባብ ማስተር ካስገባህ ደግሞ ፔዳሉ ለስላሳና ረጅም ይሆናል፤ ሸራው ሲያልቅ ወለል ይነካል። ስለዚህ ያው ልክ ይሁን። ካልተገኘ አንድ ደረጃ ብቻ ከፍ ወይም ዝቅ ይበል። ከዚያ በላይ እኔ አልስማማም።

ሁለተኛው ነገር ዲስክና ድራም ነው። 504 ከፊት ዲስክ ናት፤ ከኋላ እንደ ሞዴሏ ዲስክም ድራምም ሊሆን ይችላል። የራስህን እየው። አንዳንድ የድራም ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ግፊት አስቀርቶ የሚይዝ ቫልቭ አለበት። ለድራም ደግ ነው። ዲስክ ላይ ከገባ ግን ሸራው ከዲስኩ አይላቀቅም፤ ቤንዚን ትበላለች፣ ትሞቃለች።

ሦስተኛው የቱቦው መግቢያ ነው። ጥርሱ 10 ሚሊ ሆኖ እርምጃው (ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት) 1 ሚሊም አለ፣ 1.25ም አለ። ሁለቱ ሁለት ዙር ያህል ይግባባሉ፤ ከዚያ በኋላ ቁልፍ ብታስገድደው አልሙኒየሙን ትበላዋለህ። በጣት እስከ ታች ካልገባ ልኩ አይደለም። የቱቦው አፍም ሁለት ዓይነት ነው። ጃፓኖቹ እንደ መለከት የተከፈተና በድርብ የታጠፈ አፍ ይጠቀማሉ፤ በአውሮፓ መኪኖች ላይ ብዙውን ጊዜ የምታየው እንደ እንጉዳይ ራስ ያበጠ አፍ ነው። አንዱ በሌላው ላይ በግድ ቢጠብቅ ዛሬ አያፈስም፤ አንድ ቀን በድንገት ስትረግጥ ያፈሳል። ቱቦውን በትክክለኛው መሣሪያ አስቆርጠህ አዲስ አፍ አስወጣለት። ቱቦ ስትቀይር የፍሬን ብረት ቱቦ አድርግ። ለማጠፍ ስለሚመች የፍሪጅ መዳብ የሚያስገቡ አሉ። መዳብ በመንቀጥቀጥ ብዛት ይደርቅና ይሰነጠቃል። እምቢ በል።

አራተኛው ዘይቱ ነው። የፍሬን ጎሚኒ ከሞተር ዘይት ጋር አይስማማም፤ ያብጥና ይጨማለቃል። መንገድ ላይ ሲጎድል ባገኙት ዘይት የሚሞሉ ስላሉ፣ አሮጌውን ከመድፋትህ በፊት ውኃ ያለበት ብርጭቆ ውስጥ ከእሱ አንድ ጠብታ ጣል። የፍሬን ዘይት ውኃው ውስጥ ይሟሟል። ከላይ ከተንሳፈፈ ሌላ ዘይት ተጨምሯል፤ ያኔ ማስተር ብቻ ሳይሆን በየጎማው ያለው ጎሚኒ ሁሉ ይቀየራል።

ከተገጠመ በኋላ አየሩን በደንብ ካስወጡት፣ ሞተሩን አስነስተህ ፔዳሉን አጥብቀህ ረግጠህ ቆይ። ደቂቃ በደቂቃ ወደ ታች መስመጥ የለበትም። ከዚያ ሰው በሌለበት ሜዳ ላይ ቀስ ብለህ ሞክር። ጠንከር አድርገህ ስትረግጥ ቀድሞ የሚቆልፈው የፊት ጎማ መሆን አለበት። የኋላው ከቀደመ መኪናዋ ትዞራለች፤ የፍጥነት መንገዱን ጭራሽ አታስበው።

ቬንትሌተርህ ደግሞ ይገርማል። ይህች መኪና በዘመኗ ብልህ ነበረች። ቬንትሌተሯ ሁልጊዜ አይዞርም። የውኃ ፖምፓው ላይ ያለ የኤሌክትሪክ ማግኔት ነው ሲሞቅ የሚያጣብቀው፣ ሲበርድ የሚለቀው። «አንዳንዴ ይዞራል» ያልከኝ ለዚህ ነው። ሲበርድ ዝም ማለቱ በሽታ አይደለም። በሽታ የሚሆነው ሲፈላ ዝም ካለ ነው።

ስለዚህ ሳትጥለው ፈትሸው። ወደ ማግኔቱ ኤሌክትሪክ የሚያደርስ ትንሽ ካርቦን አለ። ያልቃል፣ ወይም የሚገፋው ሞላ ይደክማል። የሙቀት ስዊቹም ይሞታል። ሁለቱን ሽቦዎች ከስዊቹ አውጥተህ እርስ በርስ አገናኛቸው፤ ሽቦው አንድ ብቻ ከሆነ ከቦዲ ጋር አገናኘው። ቁልፉን ክፈት፣ ሞተሩን ግን አታስነሳ። ማግኔቱ «ጠቅ» ካለ የሞተው ስዊቹ ነው። ዝም ካለ ካርቦኑን እይ። የዲናሞ ካርቦን በአሸዋ ወረቀት ተስሎ ልኩ ድረስ ከወረደ ይሠራል። ልኩን ጠብቅ፤ ከጠበበ ይቀረቀራል፣ ከሰፋ ይንቀጠቀጣል።

ማግኔቱ ራሱ ከተቃጠለ ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው አስሮ ሁልጊዜ እንዲዞር ማድረግ ነው። አሰላ ለመድረስ ይበቃል፤ ድምፅ ይጨምራል፣ ቤንዚንም ትንሽ ይጨምራል። ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ቬንትሌተር ከሌላ መኪና ማስገባት ነው። ጥሩ ነው፣ ግን በወጉ ይሁን። የራሱ ፊውዝና ሪሌ ይኑረው። ቬንትሌተሩ ከ10 እስከ 15 አምፒር ይወስዳል፤ የድሮውን ቀጭን ሽቦ በቀጥታ ካገናኘህበት ስዊቹ ይቀልጣል። ዲናሞውንም አስብ። የፊት መብራት ሁለቱ 55 ዋት ብቻቸውን 9 አምፒር ይወስዳሉ። የኋላ መብራት፣ ካንዴላ፣ ቬንትሌተር ሲደመር ሌሊት ላይ ወደ 30 ይጠጋል። ያረጀ ዲናሞ ይህን ተሸክሞ ባትሪ አይሞላም። ቬንትሌተሩን ደግሞ በራዲያተሩ ሴሎች መሀል ፕላስቲክ ገመድ አሹልከው እንዳያስሩልህ። ሴሉን በልቶ ያፈሰዋል። የብረት ቅንፍ አሠራ፣ ቅንፉ የራዲያተሩን ጎንና ጎን ይያዝ። ሲዞር ነፋሱ ወደ ሞተሩ መሄዱን በወረቀት አጣራ፤ ሽቦው ተገልብጦ ነፋሱ ወደ ፊት የሚሄድበት መኪና ታይቷል።

አሁን ብዙዎች የማያነሷት ነገር። የምትገዛው የሙቀት ስዊች ስንት ዲግሪ ላይ ነው የሚያበራው? ውኃ በባሕር ወለል 100 ዲግሪ ላይ ይፈላል። አዳማ ከባሕር ወለል ወደ 1,600 ሜትር ከፍታ ላይ ስላለች ክፍት ውኃ 95 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። አሰላ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ እዚያ 92 ገደማ ነው። ከአዲስ መኪና የወጣ ስዊች አንዳንዱ 97 ወይም 100 ላይ ነው የሚያበራው። ለዚያ መኪና ልክ ነው፣ ራዲያተሩ ተጭኖ የታፈነ ነው። የአንተ የራዲያተር ክዳን ከደከመ ግን ስዊቹ ሳያበራ ውኃው ይፈላል። ቬንትሌተሩ አዲስ፣ ሽቦው አዲስ፣ መኪናዋ ግን ዳገቱ ላይ እንፋሎት ታወጣለች። ለአንተ 90 ወይም 92 ላይ የሚያበራ ፈልግ።

ክዳኑንም እግረ መንገድህን ቀይር። ላዩ ላይ 0.5 ወይም 0.9 ወይም 1.1 የሚል ቁጥር አለ፤ ግፊቱ ነው፣ በባር። አዳማ ላይ ባለ 0.5 ክዳን መፍላቱን ወደ 108 ዲግሪ ይገፋዋል፤ ባለ 0.9 ደግሞ ወደ 116። «እንግዲያው 1.1 ላድርግበት» እንዳትል። አሮጌ ራዲያተር በቆርቆሮ የተበየደ ነው፤ ከለመደው በላይ ስትጭነው ብየዳው ይከፈታል። የድሮው ክዳን ላይ ያለውን ቁጥር አንብብና ያንኑ ግዛ። መክደኛውን ስትገጥም አፉ ውስጥ ያለውን ጥልቀትም አስተያይ፤ ክዳኑ ከላይ ጠብቆ ከታች ጎማው መቀመጫውን ካልነካ ቁጥሩ ባዶ ጽሑፍ ነው። እኔ እዚህ ከተማ ከሚፈሉት አሮጌ መኪናዎች ብዙዎቹ በክዳን ነው የሚፈሉት ባይ ነኝ።

ካርብራተሩን አጠር ላድርገው፤ ምክንያቱም እንዳትቀይረው ነው የምመክርህ። ሶሌክስ የሚባለው ካርብራተር ቀላል ዕቃ ነው። ቤንዚን የሚጠጣው ብዙ ጊዜ በሁለት ነገር ነው። አንዱ የጋዙ ዘንግ (የነዳጅ ፔዳሉ የሚያዞረው) ነው። ቀዳዳው ሰፍቶ አየር ይስባል፤ አየር ሲስብ ሚኒሞ (ጋዝ ሳይረገጥ ሞተሩ የሚዞርበት) እምቢ ይላል፤ መካኒኩ ደግሞ ቤንዚን ከፍቶ ያካክሳል። ዘንጉን ይዘህ ወደ ጎን አንቀጥቅጠው። ከተጫወተ ቶርኖ ቤት የናስ ቡሽ ይገባለታል። ሌላው ቀዳዳዎቹን በሽቦ የመጎርጎር ልማድ ነው። ጄቱ (ቤንዚኑን የሚመጥነው ባለ ቀዳዳ ብሎን) ላይ 130 ከተጻፈ 1.30 ሚሊ ማለት ነው። በሽቦ ሲጎረጎር ይሰፋል፤ ቁጥሩ 130 እንደሆነ ይቀራል፣ የሚያሳልፈው ግን 130 አይደለም። በአየር ግፊት እንጂ በሽቦ አይጸዳም።

ለከፍታው የሚሆን ማስተካከያም አለ። አዳማ ላይ አየሩ ከባሕር ወለሉ በ15 በመቶ ገደማ ሳሳ ይላል። ካርብራተር ይህን ስለማያውቅ ከሚገባው 7 ወይም 8 በመቶ አብዝቶ ቤንዚን ይሰጣል። ፋብሪካው ለባሕር ወለል ያደረገው 130 ጄት ካለ 125 በቂ ነው። ከዚያ በታች አትሂድ። ሲያንስ ሞተሩ ይግላል፣ ባልቦላ (ቫልቭ) ይበላል። ካንዴላውን አውጥተህ ቀለሙን እይ፦ ጥቁርና ጥላሸት ከሆነ በዝቷል፣ ነጣ ካለ አንሷል፣ ቡና ዓይነት ከሆነ ተወው።

የጃፓን ካርብራተር ግድ ከሆነ ሁለት ነገር አትርሳ። በሞተሩና በካርብራተሩ መሀል የሚገባውን ማስማሚያ ከአልሙኒየም ብቻ አታሠራ፤ የሞተሩን ሙቀት ወደ ካርብራተሩ ያስተላልፋል፣ ቀትር ላይ አቁመህ ስትመለስ አትነሳም። ከሥሩ ሙቀት የማያሳልፍ ወፍራም ማገጃ ይግባ። ጋዙን የሚመልሰው ሞላም ራሱን ችሎ እስከ መጨረሻው መዝጋቱን አጣራ፤ ተከፍቶ የሚቀር ጋዝ ፍሬን ከመበጠስ አይተናነስም። የቤንዚን ፖምፓ ጉዳይ ካነሡብህ ደግሞ የቪትዝ ታንከር ውስጥ ያለውን እንዳያስገቡብህ። ያ ለኢንጀክሽን የተሠራ ነው፣ 3 ባር አካባቢ ይገፋል። ካርብራተር የሚፈልገው 0.2 ወይም 0.3 ነው። ተርፎ የጋለ ሞተር ላይ ይፈሳል፤ የሚቀጥለው እሳት ነው።

ያልጠየቅከውን አንድ ልጨምር፤ ምትክ መፈለግ ከጀመርክ ነገ ይመጣልና። መሪና የፊት እግር ላይ ያለውን ቴስታ (እንደ ኳስ የሚዞረውን መጋጠሚያ) «ተመሳሳይ ነው» ሲሉህ ኮኖውን (ሾጣጣነቱን) አስለካ። ሾጣጣው ዘንግና የሚገባበት ቀዳዳ እኩል ካልሾሉ አንድ ጠርዝ ላይ ብቻ ነው የሚያርፈው፤ ዳዶው ቢጠብቅም ይሰበራል። ሾጣጣው ላይ የብዕር ቀለም ቀባ፣ ግጠምና አውጣ። ቀለሙ ዙሪያውን ከተነካ ልክ ነው፤ ከላይ ወይም ከታች ቀለበት ብቻ ከተነካ መልስላቸው። የመሪ ዕቃ በብየዳ ማስረዘምና ማሳጠርን በተመለከተ ከማንም ጋር አልከራከርም፤ አይደረግም።

ሥራውን ከፍሬኑ ጀምር። እሱ እስኪያልቅ አሰላም ሶደሬም ይቅር። የቀየርከውን ዕቃ ሁሉ በወረቀት ጽፈህ ከሊብሬው ጋር አስቀምጥ፦ ማስተር የምን መኪና፣ ስንት ሚሊ፤ ስዊች ስንት ዲግሪ፤ ጄት ስንት። ያለበለዚያ የሚቀጥለው መካኒክ የ504 ጎሚኒ ገዝቶ የዲኤክስ ማስተር ውስጥ ሊከት ይታገላል። ማስተሩን ስታስፈታ የውስጥ ስፋቱን፣ የሁለቱን ቡሎኖች ርቀት ከመሀል እስከ መሀል፣ የኋላ ፍሬንህ ዲስክ ይሁን ድራም ጽፈህ ላክልኝ። የዲኤክሱንም እዚያው ሱቅ ሆነህ ሳትከፍል ለካውና አብረህ ላክ፤ ይሆናል ወይም አይሆንም ብዬ ቁርጡን የምነግርህ ያኔ ነው።